ወንበር ላይ እስክስታ፦ የመርሳት ሕመም ላለባቸው የካርቱም አዛውንቶቻችን የጋራ እንቅስቃሴ እንዴት ይመራል

ይህን መመሪያ የጻፍኩት ካርቱም ውስጥ፣ ወይም ከካርቱም ወጥታችሁ ገዳሪፍ፣ መተማ፣ ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ላይ ሆናችሁ፣ የመርሳት ሕመም የያዛቸውን እናት፣ አባት ወይም ጎረቤት ለምትጠብቁ ሰዎች ነው። ሐኪም መሆን አይጠበቅባችሁም፤ የስፖርት አስተማሪ መሆንም እንዲሁ። ጠንካራ ወንበሮች፣ ጥላ ያለበት ግቢ፣ አንድ ጋቢ፣ ስልክ ላይ የተጫነ ዘፈንና መዝሙር፣ ሁለት ታጋሽ ሰዎች ከተገኙ ሥራው ይጀመራል።

በ1966ቱ አብዮት ማግሥት፣ ከዚያም በቀይ ሽብር ዘመን ድንበር አቋርጠው ሱዳን የገቡት ወጣቶች ዛሬ ሰባን ይዘዋል ወይም አልፈዋል። በ1977ቱ ድርቅ በምሥራቅ ሱዳን በኩል የገቡትም አርጅተዋል። ብዙ ጓደኞቻቸው ወደ አሜሪካና አውሮፓ ሲሻገሩ የቀሩት በካርቱም ሰፈሮች በዴም፣ በጅሬፍ፣ በሰሐፋ ቤት ተከራይተው፣ ሠርተው፣ ወልደው ኖሩ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲነሣ ዕለቱ ቀዳም ሥዑር ነበር፤ ክርስቲያኑ ለፋሲካ ሲዘጋጅ፣ ሙስሊሙ በረመዳን ጾም ላይ ሳለ ተኩሱ ተጀመረ። ከዚያ በኋላ ብዙ ቤተሰብ ተበትኗል። መጋቢት 2017 የሱዳን ጦር ካርቱምን መልሶ ከያዘ ወዲህ የተመለሱም አሉ።

የመርሳት ሕመም ያለበት ሰው የሚኖረው በልማድ ነው። ሱቁ በየት በኩል እንደሆነ፣ ሽንት ቤቱ ከአልጋው ምን ያህል እንደሚርቅ አእምሮው ቢረሳ እግሩ ያውቀዋል። ቤቱ ሲቀየር ይህ ሁሉ በአንድ ቀን ይጠፋል። ስለዚህ ከካርቱም የወጡም ወደ ካርቱም የተመለሱም አዛውንት፣ በሳምንት ሁለት ቀን በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ቦታ፣ ከእነዚያው ሰዎች ጋር መቀመጣቸው ራሱ ሕክምና ባይሆንም ትልቅ ድጋፍ ነው።

ምን ይጠበቃል፣ ምን አይጠበቅም

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ሰዎች ከዚህ ሕመም ጋር ይኖሩ እንደነበር አስልቷል። ከመቶ ስድሳ የሚበልጡት የሚኖሩት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። የሚያድን መድኃኒት እስካሁን የለም። ስፖርት ትዝታን ይመልሳል የሚላችሁንም አትመኑ። በእንግሊዝ አገር 494 ሰዎች የተሳተፉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ነበር። ከተሳታፊዎቹ አንዱ ክፍል ለአራት ወር ጠንከር ያለ ስፖርት ሠራ። ጉልበታቸው ጨመረ፤ የማስታወስና የማሰብ ችሎታቸው መዳከም ግን አልዘገየም። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ተስፋ ላስቆርጣችሁ ብዬ አይደለም። ልጆች እናታቸውን ስፖርት አስጀምረው ከወር በኋላ «ስሜን ታውቂዋለሽ?» ብለው ሲፈትኑ፣ ሳታውቀው ስትቀር እነሱም እሷም ይሰበራሉ። ያ እንዳይሆን ነው።

የሚጠበቀው ሌላ ነው። ከወንበር ራስን ችሎ መነሣት፣ ሽንት ቤት ደርሶ መመለስ፣ ሸሚዝ ሲለብሱ ክንድን ማንሣት፣ የተሻለ እንቅልፍ፣ የሆድ ድርቀት መቀነስ፣ ከሰው ጋር መሣቅ። ለእኔ እነዚህ ከማስታወስ ፈተና ውጤት ይበልጣሉ፤ ሰው በራሱ እግር ሽንት ቤት ሲደርስ ክብሩ ይጠበቃል፣ የአስታማሚዋም ወገብ ያርፋል።

የዚህ መመሪያ ዋና ሐሳብ አንድ ነው፤ አዲስ እንቅስቃሴ አታስተምሩ፣ የነበራቸውን ቀስቅሱ። የመርሳት ሕመምን ብዙ ጊዜ በሚያመጣው በአልዛይመር በሽታ ቀድመው ከሚጎዱት አንዱ ሂፖካምፐስ የሚባለው የአንጎል ክፍል ነው። አዲስ ነገር የሚመዘገበው በእሱ በኩል ስለሆነ ትናንት ያሳያችኋቸው ስፖርት ዛሬ የለም። እጅና እግር ለዓመታት ሲደጋግሙት የኖሩት ሥራ ግን በሌሎች የአንጎል ክፍሎች ተይዞ ብዙ ጊዜ ይቆያል። እህል ማበጠር፣ ጥጥ መፍተል፣ ቡና መውቀጥ፣ መሪ ማዞር፣ በማኅሌት መወዛወዝ፣ እስክስታ፣ ሁሉም እዚያ አሉ። የልጃቸውን ስም የረሱ እናት ሰፌድ ሲሰጧቸው ገለባውን ከፍሬው ለይተው ያሳያሉ። የእናንተ ሥራ ሰፌዱን ማቀበል ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

ሐኪም ከተገኘ አስቀድማችሁ አማክሩ። በካርቱም ጦርነቱ ብዙ ሆስፒታሎችን ከሥራ ስላስወጣ ሁልጊዜ ላይገኝ ይችላል፤ ነርስ ወይም የፋርማሲ ባለሙያ ደም ግፊታቸውን እንዲለካ ብታደርጉ እንኳ ጥሩ ነው። በቅርቡ የወደቁ፣ አጥንታቸው የተሰበረ፣ ደረታቸውን የሚያማቸው፣ ሲነሡ የሚያዞራቸው፣ ወይም ከጥቂት ቀናት ወዲህ በድንገት ግራ መጋባታቸው የባሰባቸው ካሉ ምክንያቱ ሳይታወቅ አታስገቧቸው። ድንገተኛ መባባስ ብዙ ጊዜ ከሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ ከውኃ ማነስ ወይም ከመድኃኒት ይመጣል፤ ይህ ደግሞ ይታከማል።

ስኳር በሽታ ያለባቸውና ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስዱ ሳይበሉ እንዳይመጡ። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ከተቀመጡበት በፍጥነት ሲነሡ ግፊታቸው ሊወርድ ይችላልና ሁልጊዜ ቀስ ብለው ይነሡ። የጾም ነገር አለ። አብዛኞቹ እናቶቻችን ታመው እንኳ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ካልጾሙ ደስ አይላቸውም። ክርክር ውስጥ አትግቡ፤ የንስሐ አባታቸውን ወይም ሼኻቸውን አነጋግራችሁ ለታመመ የሚፈቀደውን ራሳቸው አባት ይንገሯቸው። ያላፈጠረና ውኃ ያልጠጣ ሰው በዚያ ሙቀት እንዲንቀሳቀስ ግን አታድርጉ።

ሰዓቱ ጠዋት ነው፤ ከ1፡30 እስከ 3፡00 ባለው ውስጥ። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ የካርቱም ቀን ከ40 ዲግሪ በላይ መሆኑ የተለመደ ነው፤ ያረጀ ሰው ጥማት በወጉ አይሰማውም፣ የረሳ ሰው ደግሞ ተጠምቶም ላይናገር ይችላል። ሰዓቱን ወደ ማታ ማዞርም ሌላ ችግር አለው፦ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ብዙዎቹ ይረበሻሉ፣ ይነጫነጫሉ፣ «ልጆቼ ይጠብቁኛል» ብለው ለመውጣት ይነሣሉ። ሀቡብ (የአቧራ አውሎ ነፋስ) የሚነሣ ከመሰለ ሰርዙት።

የአዛውንቶቹ ብዛት ከስድስት እስከ ስምንት ቢሆን ይበቃል። መሪና ቢያንስ አንድ ረዳት ያስፈልጋል፤ ቆሞ ለሚሠራው ክፍል ደግሞ የሚቆም ሰው ሁሉ አጠገቡ አንድ ሰው ይኑረው። ሻይ የሚሸጡ ሴት ልጆቻቸው ገና ሳይነጋ ወደ ሥራ ስለሚወጡ፣ ከአያታቸው ጋር የሚውሉት ብዙ ጊዜ የልጅ ልጆች ናቸው። እነሱን አስገቧቸው። ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ወንበር መጠበቅና አብሮ ማጨብጨብ አይከብደውም፤ አያትየውም ልጅ ሲያዩ ፊታቸው ይፈታል።

ቦታውን ማዘጋጀት

የካርቱም ሆሽ (የቤት ግቢ) ለዚህ የተሠራ ይመስላል፦ የኒም ዛፍ ወይም የራኩባ (ዳስ) ጥላ፣ ሰፊ ወለል፣ ግድግዳ። ግን ወለሉን ተመልከቱ። ሊሾ ወይም ቡላጥ (የወለል ንጣፍ) ላይ የፈሰሰ ውኃ፣ የታጠፈ ምንጣፍ፣ የማራገቢያ ገመድ፣ አንዳቸውም አይኑሩ።

አንገረብ (የገመድ አልጋ) እና በርጩማ ለዚህ አይሆኑም። ዝቅ ስለሚሉ ጉልበት ከዳሌ በላይ ይወጣል፤ ያረጀ ሰው ከዚያ መነሣት አይችልም፣ ቢሞክርም ወደ ኋላ ይወድቃል። ነጭ የፕላስቲክ ወንበሩ በለስላሳ ወለል ላይ ይንሸራተታል፣ እግሩም ይከፈታል። ክንድ ማሳረፊያ ያለው የብረት ወይም የእንጨት ወንበር ፈልጉ፤ ሲቀመጡ የእግራቸው መርገጫ ሙሉ በሙሉ መሬት ይንካ። ወንበሮቹን በግማሽ ክብ ደርድሩ፤ ጀርባቸው ወደ ግድግዳ ይሁን፤ በሩ ፊት ለፊታቸው ባይታይ ይሻላል፣ በር ያየ «ልሂድ» ይላልና። ነጠላ ጫማ ከእግር ስለሚወልቅ ተረከዝ የሚይዝ ጫማ ይልበሱ። መነጽርና የጆሮ መሣሪያ ያላቸው አድርገው ይምጡ።

ውኃ በየራሳቸው ኩባያ ይቀዳላቸው። በ2017 ካርቱም ውስጥ ኮሌራ ተነሥቶ ነበር፤ ስለዚህ ከዚር (ከውኃ እንስራ) በአንድ ጣሳ እየተቀባበሉ የመጠጣቱን ልማድ እዚህ ተዉት፣ የፈላ ወይም የታከመ ውኃ አቅርቡ። የቡና ከሰልና ዕጣኑን ከክቡ አርቁ፦ እሳቱ ስለሚያቃጥል፣ ጭሱ ደግሞ አስም ያለባቸውን ስለሚያፍን።

አንድ ሌላ ማስጠንቀቂያ። በሌሎች አገሮች የተጻፉ ብዙ መመሪያዎች ፊኛ መጫወትን ይመክራሉ፤ ፊኛ ቀስ ብሎ ስለሚወርድ ለአረጋውያን ይመቻል። እኔ ግን ለካርቱም ሰው አልመክርም። ፊኛ ይፈነዳል። ወራት ሙሉ የተኩስ ድምፅ ሲሰሙ የከረሙ አዛውንት አንድ ፊኛ ሲፈነዳ ምን እንደሚሰማቸው አስቡት፤ ምክንያቱን ብታስረዷቸው እንኳ ማብራሪያው ይረሳል፣ ድንጋጤው ግን አካላቸው ውስጥ ይቀራል። በምትኩ ካልሲ ጠቅልሎ የተሠራ ኳስ ወይም ቀላል ሻሽ ተጠቀሙ። ከበሮም ቢሆን በዝግታ፣ በመዳፍ ይመታ።

ሰላምታ የመጀመሪያው እንቅስቃሴ ነው

ወደ እያንዳንዳቸው ሂዱ። ከላይ አትናገሩ፤ ጎንበስ ብላችሁ ዓይናቸው ካለበት ከፍታ ድረሱ። «አባባ፣ እንደምን አደሩ፣ እኔ እገሌ ነኝ» በሉና እጃችሁን ዘርግታችሁ ጠብቁ። «አወቁኝ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ጥያቄው ፈተና ነው፤ ሲወድቁበት ደግሞ ያፍራሉ። የእኛ ትከሻ ለትከሻ ሰላምታም ሆነ ሱዳኖች ትከሻ መታ መታ አድርገው የሚጨባበጡት ክንድን፣ ትከሻንና ወገብን ያሠራል፤ እግረ መንገዱን ማን ዛሬ እንደደከመ፣ የማን እጅ እንደሚያተኩስ ታውቃላችሁ።

ስለ ቋንቋ ይህን እወቁ። በኋላ የተማሩት ቋንቋ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ይጠፋል። አርባ ዓመት አረብኛ የተናገሩ ሰው ወደ አማርኛ፣ ወደ ትግርኛ ወይም ወደ ኦሮምኛ ብቻ ሊመለሱ ይችላሉ፤ ካርቱም የተወለዱት የልጅ ልጆች ደግሞ የሚቀናቸው አረብኛ ነው። ስለዚህ በአፍ ከማዘዝ በሰውነት ማሳየት ይበልጣል። ፊት ለፊታቸው ተቀምጣችሁ እንቅስቃሴውን ሥሩት፤ ቀኛቸውን እንዲያነሡ ስትፈልጉ እናንተ ግራችሁን አንሡ፣ እንደ መስተዋት። ከተናገራችሁ አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ፦ «እጅ ወደ ላይ።» ከዚያ ዝም ብላችሁ እስከ አሥር እየቆጠራችሁ ጠብቁ። ሰሙ፣ ገባቸው፣ አነሡ፤ ይህ በእነሱ ጊዜ ይፈጃል። ቸኩላችሁ ከደገማችሁት ከመጀመሪያው ይጀምራሉ።

ተቀምጦ መንቀሳቀስ

ጠቅላላው ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ይፈጃል፣ ዕረፍቱን ጨምሮ። ቅደም ተከተሉ በየሳምንቱ አይለወጥ። ለእናንተ የሰለቸው መደጋገም ለእነሱ የሚይዙት ገመድ ነው።

ከእግር ጀምሩ። ተረከዝ መሬት ላይ ሆኖ ጣት ይነሣ፣ ከዚያ ጣት መሬት ላይ ሆኖ ተረከዝ ይነሣ፤ ስምንት አሥር ጊዜ። ይህ ያበጠ ቁርጭምጭሚት ላይ ያለውን ደም ያንቀሳቅሳል። ቀጥሎ አንድ እግር ቀስ ብሎ ወደ ፊት ይዘርጋ፣ እስከ ሦስት ተቆጥሮ ይውረድ፤ ከዚያ ሌላው። ለመነሣት የሚያገለግለው የጭን ጡንቻ በዚህ ይጠነክራል። ትንፋሽ እንዳይይዙ አብረው ጮክ ብለው ይቁጠሩ፤ ቁጥሩ ቢሳሳት ምንም አይደለም።

እጅ ላይ ስትደርሱ ጨርቅ ስጧቸው። የተዘፈዘፈ ልብስ እንደሚጨምቁ ይጠምዝዙት። ሊጥ እንደሚያቦኩ ጭናቸው ላይ ይጫኑት። አንገትን ግን ተዉት፤ ጭንቅላትን ወደ ኋላ መጣልና ማዞር ለዚህ ዕድሜ አይሆንም፣ ያዞራል።

ጋቢው እዚህ ላይ ይመጣል። ሁልጊዜ የማይለወጥ አንድ ዘፈን ክፈቱና ሁሉም ጫፉን በሁለት እጅ ይያዙ። መጀመሪያ ወደ ላይ፣ ከዚያ ወደ ታች፣ ነፋስ እስኪገባበት። መሐሉ ላይ የካልሲውን ኳስ ጣሉበትና እንዳይወድቅ አብረው ያንሳፍፉት። ጋቢው ሲነሣ የደከመውም እጅ አብሮ ይነሣል፣ የማይናገረውም ከጎረቤቱ ጋር ይገናኛል። ሁለት ደቂቃ ይበቃል፤ ትከሻ የሚያማቸው እስከ ደረት ብቻ ያንሡ።

ቀጥሎ የየሰዉ ሙያ ነው፤ ጊዜ መስጠት የሚገባውም እዚህ ላይ ነው። ከመጀመሪያው ቀን በፊት ከቤተሰብ ጠይቁ፦ ምን ሲሠሩ ኖሩ? ልብስ ሰፊ ነበሩ? ሹፌር? መምህር? ዲያቆን? ሻይ ሻጭ? ለልብስ ሰፊው ጨርቅ ጭናቸው ላይ ዘርጉላቸውና በመዳፍ ይግፉት፤ እግራቸው እንደ ፔዳል ከፍ ዝቅ ይበል። ለሹፌሩ ሰፌድ እንደ መሪ ይሁን፤ «ገዳሪፍ ሊደርሱ ነው አባባ፣ ወደ ግራ ያዙሩ» ሲባሉ ወገባቸው አብሮ ይዞራል። ለእናቶች ባዶ ሰፌድ ማበጠር፣ በባዶ ሙቀጫ መውቀጥ፣ እንዝርት ማሾር። ቡና ቀድተው ለማቅረብ የለመዱ ባዶ ሲኒ በትሪ ላይ ለጎረቤታቸው ያቀብሉ። ወታደር የነበሩ ሰው ካሉ ግን ሰልፍ አታሰልፏቸው፤ ያ ትዝታ ወዴት እንደሚወስዳቸው አይታወቅም።

ከዚያ ሙዚቃ። በወጣትነታቸው የሰሙት ሙዚቃ ብዙ ጊዜ ከሌላው ይልቅ ይቀራል፤ በሰባዎቹ ላሉት ይህ የጥላሁን ገሠሠ፣ የብዙነሽ በቀለ፣ የማሕሙድ አህመድ ዘመን ነው። ካርቱም የደረሱት ደግሞ መሐመድ ወርዲንና ሰይድ ከሊፋን ያውቃሉ። የሱዳን ዘፈንም እንደ እኛው በአምስት ድምፅ ላይ የቆመ በመሆኑ ኤርትራዊውም፣ ኢትዮጵያዊውም፣ ሱዳናዊት ጎረቤትም አብረው ይንቀሳቀሱበታል። እስክስታ ደግሞ ለወንበር የተሠራ ያህል ነው፦ ትከሻና ደረት ይንቀሳቀሳል፣ እግር መሬት ላይ ይቀራል። በዝግታ ጀምሩ፣ ትከሻ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ። የሚችሉ ራሳቸው ያፈጥኑታል። በሱዳን ሠርግ እንደሚደረገው ክንድ ከፍ አድርጎ ጣት እያጮኹ መወዛወዝም ለትከሻ መገጣጠሚያ ጥሩ ነው።

ጊዜውን አክብሩ። በዐቢይ ጾም ዘፈን አትክፈቱ፤ መዝሙር ከፍታችሁ በሽብሸባው ይወዛወዙ፣ የማኅሌት ሰው ካለ መቋሚያ ስጡት፣ እሱ ይመራችኋል። ሙስሊሞች መንዙማ ይዘው ግራና ቀኝ መወዛወዝን ያውቁታል። ሐዘን ላይ ያለን ሰው እስክስታ አትጋብዙ፤ ልጁ እንደሞተበት ቢረሳ እንኳ ጎረቤቱ አይረሳም፣ ያስነውረዋል። የትዝታ ዘፈኖችን ደግሞ በጥንቃቄ። የስደተኛ ልብ በእነሱ ይሰበራል። ከተከፈቱም በመሐል ይሁኑ፣ መጨረሻ ላይ አይሁኑ፤ ሰው አልቅሶ ወደ ቤቱ መመለስ የለበትም።

መቆም ለሚችሉ ብቻ

ለዚህ ክፍል የሚጠራው ራሱን ችሎ ወይም በትንሽ ድጋፍ የሚቆም ሰው ነው። ወንበሩ ከግድግዳ ጋር ይጠጋ። ወደ ወንበሩ ጫፍ ይጠጉ፣ እግራቸውን ከጉልበት በታች ያስገቡ፣ ክንድ ማሳረፊያውን ይያዙ፣ ወደ ፊት ዘንበል ይበሉ፣ ከዚያ ይነሡ። ብብት ሥር ይዛችሁ አትጎትቱ፤ ትከሻ ይጎዳል። ጎናቸው ቁሙና አንድ እጃችሁን ጀርባቸው ላይ አሳርፉ። ሲነሡ ትንሽ ቆም ይበሉ፣ የሚያዞር ከሆነ ይቀመጡ። ከሦስት እስከ አምስት ጊዜ መነሣትና መቀመጥ ከሌላው ሁሉ ይልቅ የዕለት ኑሮን ያግዛል፤ ጊዜ ካጠራችሁ ሌላውን ዝለሉና ይህን አታስቀሩ።

የወንበር ጀርባ ይዘው ክብደታቸውን ከግራ እግር ወደ ቀኝ ማዛወርም ይችላሉ። ደህና የሚራመዱ ካሉ እጅ ለእጅ ተያይዘው እንደ ትግርኛ ጭፈራ በትንንሽ እርምጃ ክብ ይዙሩ፤ አንድ ዙር ይበቃል።

ነገር ሲበላሽ

«አልፈልግም» ካሉ እሺ በሉ። ተቀምጦ ማየት ተሳትፎ ነው፤ ብዙ ጊዜ የእግራቸው ጣት ከሙዚቃው ጋር ሲመታ ታያላችሁ። ሰሞኑን ያልተንቀሳቀሰው ሰው ከሳምንታት በኋላ ጋቢውን ሊይዝ ይችላል።

«ወደ ቤቴ ልሂድ» ከአዛውንቶቻችን አፍ የማይጠፋ ልመና ነው። የትኛው ቤት እንደሆነ ማወቅ ያስቸግራል፤ ዴም ያለው፣ የፈረሰው፣ ወይም ከአምሳ ዓመት በፊት ጎጃም የተውት። «ቤትዎ ይኸው ነው» ብላችሁ አትሟገቱ፣ «ጦርነት ነው» ብላችሁም አታስፈራሩ። «ቤትዎ እንዴት ነው? ግቢው ውስጥ ምን አለ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ተነሥተው ከሆነ ክንዳቸውን ይዛችሁ ግቢውን አንድ ዙር አብራችሁ ሂዱና ወደ ወንበራቸው ተመለሱ።

ቢያለቅሱ ሙዚቃውን በድንገት አትዝጉ፤ ድምፁን ቀንሱ፣ እጃቸውን ያዙ። ሁለት ሰዎች ቢጣሉ ማን እንደጀመረው አታጣሩ፤ አንደኛቸውን ሌላ ወንበር ላይ አዛውሩ።

ወዲያው የሚያስቆሙ ምልክቶችን ረዳቱም የልጅ ልጆቹም ይወቋቸው፦ የደረት ሕመም፣ ትንፋሽ ማጠር፣ የፊት አንድ ጎን መውደቅ ወይም አንድ ክንድ መዛል፣ ቀዝቃዛ ላብና መንቀጥቀጥ፣ ትኩስና ቀይ ቆዳ ከመደናገር ጋር። ስኳር ላለባቸውና ለሚንቀጠቀጡት፣ መዋጥ ከቻሉ፣ ስኳር ያለበት መጠጥ ስጡ። በሙቀት ለተጎዱት ጥላ፣ እርጥብ ጨርቅ በአንገትና በብብት፣ ማራገቢያ። የፊት መውደቅ፣ የክንድ መዛል፣ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም በሙቀት መደናገር ግን ያለ መዘግየት ወደተገኘው የሕክምና ቦታ ያስኬዳል። ሕመም አለብኝ ብለው መናገር የማይችሉ ብዙ ናቸውና ግንባር መቋጠርን፣ ማቃሰትን፣ እጅን መሸሸግን እንደ ንግግር ቁጠሩ።

መዝጊያና ቤት የሚወሰደው

መጨረሻው ቀስ ያለ ይሁን፦ እጅ ጭን ላይ፣ ሦስት ረጅም ትንፋሽ፣ ከዚያ ቡና ወይም ከርከዴ። ፈንዲሻ ግን አታቅርቡ። መዋጥ በዚህ ሕመም እየከበደ ስለሚሄድ ፈንዲሻ ጉሮሮ ላይ ሊቀር ይችላል፤ ለስላሳ ዳቦ ወይም ፍሬው የወጣለት ተምር ይሻላል፣ ቀጥ ብለው ተቀምጠው እየጠጡ። ሲሄዱ ሁሉም በስማቸው ይሸኙ።

ደብተር ይኑራችሁ። ማን መጣ፣ በየትኛው ዘፈን ተንቀሳቀሰ፣ በየትኛው ተረበሸ፣ ስንት ጊዜ ተነሥቶ ተቀመጠ፤ ለየሰዉ አንድ መስመር ይበቃል። መሪው ቢታመም ወይም ከተማ ቢለቅ የሚተካው ሰው ከዚያ ይጀምራል።

ለቤተሰብ ደግሞ ከክፍለ ጊዜው አንድ ነገር ብቻ ስጡ። ጋቢው ሲነሣ የሚከፈተውን ዘፈን ለምታስታምመው ልጅ ንገሯት። ጠዋት እናቷን ልብስ ስታለብስ «እጅሽን አንሺ» ብላ ከመታገል ያንን ዘፈን ታንጎራጉር፣ ራሷም ክንዷን ታንሣ፤ እናትየው ክንዳቸውን ሲያነሡ ቀሚሱን ታስገባላቸው። ከመታጠቢያ በፊትና ከወንበር ሲነሡም እንደዚያው፣ እግር ሲዘረጋ አብረው ጮክ ብለው የሚቆጥሩትን ቁጥር ተጠቅማ። ካልሠራ በሌላ ቀን በሌላ ዘፈን ትሞክር፣ የሠራውን ደግሞ ለሚቀጥለው ሳምንት ደብተሩ ላይ ታስጽፍ።